ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?

ባለፈው ዓመት ክረምት ከጓደኞቻችን አንዱ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ዋሽንግተን ሊሄድ ተሰናዳ። ትኬቱ ላይ የመነሻው ጊዜ «ማክሰኞ 00፡40» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ይህን ጽሑፍ እሱ አየው፣ እኛም አየነው፣ አባቱም መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ስለዚህ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ እኛ ሻንጣ ስናስር፣ እናቱም በርበሬውንና ድርቆሹን በላስቲክ ሲቋጥሩ ዋልን። ራት ተበልቶ ምርቃት ከተሰጠ በኋላ በሁለት ታክሲ ተጭነን ቦሌ ደረስን። በሩ ላይ የቆመው ሠራተኛ ወረቀቱን አገላብጦ አየና፦ «ይህ አይሮፕላን እኮ ትናንት ሌሊት ሄዷል» አለን።

ነገሩ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ብዙ ገንዘብ ተከፈለበት። 00፡40 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ፈረንጆች ቀናቸውን የሚለውጡት ልክ በእኩለ ሌሊት ስለ ሆነ፣ የእነሱ ማክሰኞ የሚጀምረው እኛ ገና «ሰኞ ማታ ነው» ብለን በተኛንበት ሰዓት ነው። ያገራችን ሰው ይህን ሌሊት «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» ይለዋል፤ ትኬት ግን አጥቢያ የሚባል ነገር አያውቅም። የአዲሱን ትኬት ዋጋ አባቱ ከዕቁባቸው ወስደው ከፈሉ፤ የጎደለውንም እኛ ከየኪሳችን አዋጥተን ሞላነው። ልጁ የምዝገባው ቀን ሊያልፍ አንድ ቀን ሲቀረው ደረሰ።

ሁለተኛውን ጊዜ ስንሸኘው እናቱ፦ «ለመሆኑ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?» ብለው ጠየቁን። ከመካከላችን አንዱ «ዘጠኝ ሰዓት ተኩል» አላቸው። ሌላው «የለም፣ አሥራ ሦስት ነው» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «አሥራ ስድስት ሰዓት ተኩል» ብሎ ድርቅ አለ። እናቱም «የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች እናንተ ናችሁ?» ብለው ሳቁብን። ያን ሌሊት ወደ መኝታ ቤታችን ተመልሰን እስኪነጋ ስንከራከር አደርን፤ በሚከተሉት ሳምንታትም ካርታና ሉል፣ መጽሐፍና የበረራ ሠንጠረዥ ስናገላብጥ ሰነበትን። ያገኘነውን ለማኅበራችን አባሎች ለማካፈል የፈለግነው በየዓመቱ ከመካከላችን ሻንጣውን የሚያስር ስለማይጠፋ ነው። አስቀድመን ለመናገር ያህል፣ ሦስቱም መልሶች ከአንዳንድ እውነት የተነሡ ነበሩ።

በርቀቱ እንጀምር። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የዓለም ካርታ ዝርግ ነው። በእሱ ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በማስመሪያ መስመር ብናሰምር፣ መስመሩ ሱዳንን፣ ቻድን፣ ኒጀርን፣ ማሊንና ሞሪታኒያን አቋርጦ፣ ሰሃራን ለሁለት ከፍሎ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። ማንም ሰው ይህን አይቶ «አጭሩ መንገድ ይህ ነው» ይላል። እኛም ብለን ነበር። ስለዚህ የጓደኛችን አይሮፕላን በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን በኩል እንደሚያልፍ በሰማን ጊዜ «ይህ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ለምንድን ነው?» ብለን ተገረምን።

ይህች መጽሔት በማባዣ መኪና የምትወጣ ስለ ሆነች ካርታ ልናትምባት አልቻልንም። በካርታው ፈንታ አንባቢያችን አንድ ሉልና አንድ ክር ይፈልግ። የክሩን አንድ ጫፍ በአዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን በዋሽንግተን ላይ ይያዝና ክሩን ወጠር ያድርገው። ክሩ ማሊንና ሞሪታኒያን ትቶ ሽቅብ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይሄዳል። ከሱዳን ወደ ሊቢያ፣ ከዚያ በቱኒዚያ ደቡብ አድርጎ ወደ አልጄሪያ ይዘልቃል፤ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮም በስፔይንና በፖርቱጋል ላይ ያልፋል። በአትላንቲክ መካከል እስከ 45ኛው የሰሜን ኬክሮስ ድረስ ይወጣል፤ ይህም ማለት ዋሽንግተን ራሷ ካለችበት ከ39ኛው ኬክሮስ በላይ ነው። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ዞሮ ከሰሜን ምሥራቅ በኩል ወደ አሜሪካ ይገባል። ክሩ በእጃችን ላይ ቀጥ ያለ ነው፤ ያንኑ መንገድ ወደ ዝርጉ ካርታ ብናዛውረው ግን እንደ ቀስት የጎበጠ ሆኖ ይታያል።

ምክንያቱ ምድር ድቡልቡል መሆኗ ነው። አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ በምድር ወገብ ላይ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ በ45ኛው ኬክሮስ ላይ ግን 79 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በዋልታው ላይ ምንም አይሆንም። ዝርጉ ካርታ ይህን መጥበብ ይደብቅብናል፤ ሰሜኑን ለጥጦ ከምድር ወገብ ጋር እኩል ያደርገዋል። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በኬንትሮስ 116 ዲግሪ ያህል አለ። ይህን ሁሉ ዲግሪ ሰፊ በሆነበት በደቡብ በኩል ከመሻገር፣ ጥቂት ወደ ሰሜን ወጥቶ ጠበብ ባለበት በኩል መሻገር ይሻላል ማለት ነው። ሒሳቡን ስንሠራው በክሩ መንገድ 11,600 ኪሎ ሜትር ያህል መጣ፤ በዝርጉ ካርታ ቀጥታ መስመር ደግሞ 12,100 ገደማ ሆነ። በማስመሪያው የታመነ አብራሪ 500 ኪሎ ሜትር ያህል በከንቱ ይበራል ማለት ነው። ይህም ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ደርሶ ትንሽ ሊያልፍ የሚችል የሰማይ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ደብሊን እንመለስ። ከአዲስ አበባ እስከ ደብሊን 6,370 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደብሊን እስከ ዋሽንግተን ደግሞ 5,470 ገደማ። ቢደመር 11,840 ይሆናል። ዙሪያ ጥምጥም ያልነው መንገድ ከቀጥታው የሚበልጠው ከ300 ኪሎ ሜትር ባነሰ ነው። በሮም በኩል ቢሆን ልዩነቱ ከዚያም ያንሳል፤ 150 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በአንጻሩ የቶጎን ዋና ከተማ ሎሜን እንውሰድ። ሎሜ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ስለሆነች በዝርጉ ካርታ ላይ «መንገዳችን ላይ ናት» ያሰኛል። ነገር ግን በሎሜ አድርጎ ዋሽንግተን መድረስ 12,750 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠይቃል፤ ከቀጥታው 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበልጣል። ካርታው ሩቅ ያደረገው ቅርብ፣ ቅርብ ያደረገው ሩቅ ሆኖ ተገኘ። (ከመካከላችን የጂኦግራፊ ተማሪ የሆነው «ይህን እኮ በአንደኛው ዓመት ተምረናል» አለን። መማሩን አንክድም፤ ደብሊን ሲባል ግን ከሁላችን በላይ የጮኸው እሱ ነበር።)

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ደብሊን መንገድ ላይ ብትሆንም እንኳ ለምን ማረፍ አስፈለገ? የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን መብረር የጀመረው በ1998 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን)። ለብዙ ዓመታት የሄደው አይሮፕላን ነዳጅ ለመቅዳት ቀድሞ በሮም፣ በኋላም በደብሊን ሲያርፍ ኖሯል፤ ሲመለስ ግን ከዋሽንግተን ተነሥቶ አንድም ቦታ ሳይረግጥ አዲስ አበባ ይገባል። አይሮፕላኑ ያው፣ መንገዱ ያው ሆኖ ሳለ መሄጃው አላስችል ያለውን መመለሻው እንዴት አስቻለው?

መልሱ በእግራችን ሥር ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በዋሽንግተን አጠገብ በቨርጂኒያ ያለው የደለስ አይሮፕላን ማረፊያ ግን ከ100 ሜትር በታች ነው። በቦሌ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው፤ ቀኑ ሞቅ ሲል አየሩ ይበልጥ ይሳሳል። ክንፍ የሚያነሣው አየርን ገፍቶ ነው፤ አየሩ ከሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ይበልጥ መሮጥ አለበት። የማንሣት ኃይል የሚያድገው በፍጥነት ካሬ ልክ ስለሆነ፣ የአየሩ ጥግግት በአራተኛ እጅ ሲቀንስ የመነሻው ፍጥነት በ15 በመቶ ያህል መጨመር ይኖርበታል። አይሮፕላኑ ይህን ፍጥነት ለማግኘት ሲጣጣር ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ነውና ጉልበቱ ይቀንሳል። ብዙ ፍጥነት በትንሽ ጉልበት ስጠኝ እንደ ማለት ነው።

የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ሲሆን፣ የደለስ ረጅሙ ከ3,500 ሜትር እምብዛም አያልፍም። መንደርደሪያ ማስረዘም ግን ችግሩን ሁሉ አይፈታም። ጎማው የሚችለው ፍጥነት ልክ አለው። ከዚህም ሌላ፣ አይሮፕላኑ ሊነሣ ሲል ከሁለቱ ሞተሮች አንዱ ቢጠፋ በቀረው በአንዱ ብቻ ከተራራ በላይ መውጣት የሚችል መሆን አለበት፤ ይህ በሕግ የተወሰነ ነው። እንጦጦንና የረርን በዓይኑ እያየ የሚነሣ አብራሪ ይህ ሕግ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ስለዚህ ከቦሌ የሚነሣ አይሮፕላን ክብደቱን መቀነስ ግድ ይሆንበታል። ምኑን ይቀንስ? ለምሳሌ ቦይንግ 787-8 የሚባለው አይሮፕላን ሊነሣበት የሚችለው ከፍተኛ ክብደት 228 ቶን ገደማ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ታንኩ ሲሞላ ነዳጁ ብቻ 100 ቶን ያህል ይሆናል። በወረቀት ላይ ይህ አይሮፕላን ከ13,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሊበር ይችላል፤ 11,600 አያስጨንቀውም ነበር። ያ ግን ከባሕር ወለል ሞልቶ ሲነሣ ነው። ከቦሌ ሲነሣ ወይ መንገደኛውን ከነሻንጣው መቀነስ አለበት፤ ወይ ነዳጁን። መንገደኛ ገንዘብ ነው፤ ነዳጅ ግን በመንገድ ላይ ሊቀዳ ይችላል። የደብሊን ምስጢር ይኸው ነው። ሲመለስ ከደለስ ወፍራም አየር ላይ ሙሉ ታንክ ይዞ ይነሣል፤ ቦሌ ሲደርስም ነዳጁን ስለጨረሰ ቀሎ ያርፋል። ከፍታ የሚከብደው ለሚነሣ እንጂ ለሚያርፍ ያን ያህል አይደለም።

ይህን በታሪክ የሚያስረዳ አንድ በረራ አለ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 1984 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የገዛው አዲስ ቦይንግ 767-200 ኢአር ከዋሽንግተን ተነሥቶ በየትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። 12,082 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በርሮ፣ በዚያን ጊዜ ለባለ ሁለት ሞተር ጀት አይሮፕላን የርቀት ክብረ ወሰን አደረገ። አንባቢ ሁለት ነገር ልብ ይበል። አንደኛ፣ በረራው የተደረገው ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ እንጂ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን አይደለም። ሁለተኛ፣ የተበረረው ርቀት በክር ከለካነው በ500 ኪሎ ሜትር ያህል ይበልጣል። አይሮፕላን ሰማይ ላይም ቢሆን እንደ ክር አይሄድም፤ በአየር መንገድ መስመሮች፣ በነፋስና በፈቃድ ነው የሚሄደው።

ከከፍታ ሳንወጣ አንድ የሚያስገርም ነገር እንጨምር። አይሮፕላን በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲበር ውስጡ በአየር ይሞላል፤ ሆኖም እንደ ባሕር ወለል ሙሉ በሙሉ አይሞላም። በ787 ውስጥ ያለው ግፊት 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው እንዳያንስ ሆኖ ተሠርቷል። የአዲስ አበባ ሰው ግን የሚኖረው ከዚያ በላይ ነው። እንግዲህ የእኛ ሰው በዚህ አይሮፕላን ሲነሣ አካሉ ወደ ሰማይ ሲወጣ፣ ሳንባው ወደ አዋሽ አቅጣጫ ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው።

ቀጥለን ነፋሱን እንመልከት። በሰሜኑ የምድር ክፍል፣ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጀት ስትሪም የሚባል የነፋስ ወንዝ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። የሚፈጠረውም በሞቃቱ የደቡብ አየርና በቀዝቃዛው የዋልታ አየር መካከል ባለው ልዩነትና በምድር መሽከርከር ነው፤ ስለዚህ በፈረንጆች ክረምት ልዩነቱ ሲሰፋ ነፋሱም ይበረታል። በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስበት ጊዜ አለ። ዋሳቡሮ ኦኢሺ የተባለ ጃፓናዊ ሊቅ በ1920ዎቹ ዓመታት ባሉን እየለቀቀ ይህን ነፋስ ለክቶ ነበር። ጽሑፉን ግን ዓለም ሁሉ እንዲያነብለት ብሎ ኤስፔራንቶ በሚባለው ቋንቋ አሳተመውና ያነበበለት ጥቂት ሰው ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1944 ወደ ጃፓን የበረሩት የአሜሪካ አብራሪዎች ነፋሱን በራሳቸው ላይ አገኙት።

ታዲያ ከአሜሪካ የሚመጣ አይሮፕላን ይህን ወንዝ ተከትሎ ይፈሳል፤ የሚሄደው ግን ተቃራኒውን ይቀዝፋል። በሰሜን አትላንቲክ ላይ የሚበሩ አይሮፕላኖች መንገድ የሚወጣው የየዕለቱ ነፋስ እየታየ ነው፤ በካናዳ ያለው የጋንደርና በአየርላንድና በእንግሊዝ በኩል ያለው የሻንዊክ የበረራ መቆጣጠሪያ ተባብረው ያወጡታል። ስለዚህ ዛሬ የተበረረበት መንገድ ነገ ላይበረርበት ይችላል።

እዚህ ላይ የሒሳብ ተማሪው ጓደኛችን አንድ ጥያቄ አመጣ፦ «ነፋሱ ሲሄድ የወሰደውን ሲመለስ የሚመልስ ከሆነ፣ ደርሶ መልሱ ነፋስ ከሌለበት ቀን ጋር እኩል አይሆንም?» አብዛኞቻችን «እኩል ነው» አልን። ሠርተን እንየው። አይሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይብረር፤ ነፋስ ከሌለ 11,600 ለ900 ሲካፈል 12 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ነው፤ ደርሶ መልሱ 25 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ይሆናል። አሁን በመንገዱ ሁሉ 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ አለ እንበል። ሲሄድ በ800 ይሄዳል፤ 14 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ሲመለስ በ1,000 ይሄዳል፤ 11 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይፈጃል። ድምሩ 26 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ነው። 19 ደቂቃ ተበላ! ነፋሱ የወሰደውን ሁሉ አይመልስም፤ ምክንያቱም አይሮፕላኑ በነፋሱ የሚጎዳበት ጊዜ ከሚጠቀምበት ጊዜ ይረዝማል። ይህን ያላመነ በየትኛውም ቁጥር ሠርቶ ይሞክረው።

ለመንገዱ መጣመም ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱም ከሰው የመጣ ነው። ክራችን ያለፈባቸውን አገሮች አንባቢ ያስታውሳል፤ ሱዳንና ሊቢያ ነበሩባቸው። የሊቢያን ሰማይ ከ2014 ጀምሮ ብዙ አየር መንገዶች ሸሽተውታል። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ሰማዩ ለመንገደኛ አይሮፕላን ተዘጋ፤ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ ይበሩ የነበሩትም በቀይ ባሕር በኩል መዞር ግድ ሆነባቸው። በምድር የሚተኮሰው ጥይት አብራሪውን ባይደርስበትም ነዳጁንና ሰዓቱን ይደርስበታል።

እንግዲህ «አሥራ ሦስት» ያለው ጓደኛችን ከየት እንዳመጣው ግልጽ ሆነ፤ ርቀቱን ለፍጥነቱ አካፍሎ ነው። ለመመለሻው ልክ ሊሆንለት ምንም አልቀረውም ነበር። መሄጃው ግን በደብሊን ማረፊያው፣ በነፋሱና በዙሩ ተጨምሮበት ወደ አሥራ ስድስት ተኩል ሄደ። «ዘጠኝ ሰዓት ተኩል» ያለው ደግሞ ትኬቱን አንብቦ ነበር። ትኬቱ «መነሻ 22፡30፣ መድረሻ በማግሥቱ 08፡00» ይላል። ከማታው 4 ሰዓት ተኩል እስከ ጧቱ 2 ሰዓት፣ በእርግጥ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። ስሕተቱ አንዱ ሰዓት የአዲስ አበባ፣ ሌላው የዋሽንግተን መሆኑን አለማየቱ ነበር።

ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 116 ዲግሪ ለ15 ሲካፈል 7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ይሆናል፤ ፀሐይዋ በእኛ አናት ላይ ካለፈች በኋላ በዋሽንግተን አናት ላይ የምትደርሰው በዚህ ልዩነት ነው። መንግሥታት ግን ሰዓትን በድፍን ቁጥር ስለሚወስኑ፣ ልዩነቱ በፈረንጆች በጋ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው። አሜሪካኖች በመጋቢት መግቢያ አካባቢ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋሉ፤ በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ይመልሱታል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን ቀናችን ከዓመት እስከ ዓመት እምብዛም ስለማይረዝምና ስለማያጥር እንዲህ ያለ ነገር አያስፈልገንም። ስለዚህ ወደ ዋሽንግተን ለሚሄድ፣ በትኬቱ ሰዓቶች መካከል ባለው ልዩነት ላይ 7 ወይም 8 መደመር ነው፤ 9 ተኩል ሲደመር 7፣ 16 ተኩል። ለሚመለስ ደግሞ መቀነስ ነው። ለምሳሌ በክረምታችን ከዋሽንግተን 11፡00 ተነሥቶ አዲስ አበባ በማግሥቱ 07፡00 የሚገባ አይሮፕላን በትኬቱ 20 ሰዓት የሚፈጅ ይመስላል፤ 7 ሲቀነስ ግን 13 ነው። እንግዲህ በትኬቱ ቢታይ መሄዱ አጭር፣ መመለሱ ረጅም ነው፤ በወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚቆጥረው ግን ተቃራኒው ነው።

ጓደኛችን ከደረሰ በኋላ በስልክ አንድ ነገር ነገረን። ከደብሊን ሊነጋ ሲል ተነሥተው ከመስኮቱ ውጭ ያለው ጎሕ ለሰዓታት አልለቅ ብሎ አብሯቸው ተጓዘ። እኛም ሒሳቡን ሠራን። በደብሊን ኬክሮስ ላይ ምድር ወደ ምሥራቅ የምትዞረው በሰዓት 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አይሮፕላኑ ከዚያ ትንሽ ባነሰ ፍጥነት ወደ ምዕራብ ይሸሻል። ፀሐይዋ ልትደርስበት ትሮጣለች፤ የምትቀድመው ግን በጥቂቱ ነው። በመኝታ ቤታችን እንዲህ ያለ ጧት ቢኖር የስምንት ሰዓቱ ክፍል ማንም አያመልጠውም ነበር።

ለሚቀጥለው ተጓዥ የሚጠቅመውን ደግመን እንጻፍ። ትኬቱ ላይ ከ00፡00 እስከ 05፡59 ያለ ቁጥር ቢያይ፣ ወደ አይሮፕላን ማረፊያ የሚሄደው በተጻፈው ቀን ማታ ሳይሆን በዋዜማው ማታ ነው። ሌላውን ሰዓት ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 6 ይቀንስ፤ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 ደግሞ ይቀንስ። 22፡30 ሲቀነስ 6፣ 16፡30፤ ሲቀነስ 12፣ 4 ሰዓት ተኩል። ሻንጣ ከመታሰሩ በፊት ትኬቱን አንድ ሌላ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ከእገሌ ለእገሌ አጥቢያ» እያለ እንዲያነበው ቢደረግ መልካም ነው።

የልጁን እናት በተመለከተ፣ ልጃቸው ያለበትን ሰዓት ማወቅ ስለፈለጉ ሁለተኛ የግድግዳ ሰዓት ሊገዙ አስበው ነበር። ስናስበው ግን ገንዘባቸውን የሚያድን ነገር አገኘን። የእኛ አቆጣጠር ከፈረንጆቹ በ6 ሰዓት ይለያል፤ ዋሽንግተን ደግሞ ከእኛ በ7 ትለያለች፤ ስለዚህ በክረምታችን የእሳቸው ሰዓት ከሚያሳየው ቁጥር አንድ ብቻ ቢቀንሱ የዋሽንግተንን ሰዓት ያገኛሉ። በእሳቸው ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን በልጃቸው ሰዓት 8 ነው፤ የእሱ ግን የጧት ነው። እናትየውም ይህን ይዘው በየቀኑ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲደውሉ ከረሙ። በጥቅምት መጨረሻ ግን እንደ ልማዳቸው ደውለው ልጁን ከእንቅልፍ ቀሰቀሱት፤ በማግሥቱም አስጠርተው «ምን ሆነ?» አሉን። አሁን ሁለት ይቀንሳሉ።